ከስምሽ ቀጥሎ ያለው ስም

ኅዳር 9

በላይኛው በር ለመለስኩሽ ተማሪ፣

ስምሽን ስላልጻፍሽ «ልጄ» ብዬ ልጀምር፤ ከከፋሽ አርሚኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ አንቺንም ደኅንነት አይለይሽ። ደብዳቤሽን ያደረሰችኝ የአስተዳደሩ ጸሐፊ ናት። «በስተርጅና የሴት ደብዳቤ መጣልዎት» ብላ በሠራተኛው ሁሉ ፊት አሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሰው ሲበተን ካፖርት ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲያ ግን ሳቁ አላማረኝም።

አስታውስሻለሁ። ዝናብ ነበር፤ አረንጓዴ ሹራብሽ ትከሻው ላይ ርሶ ጠቁሯል። የተማሪ ቅናሽ ትኬትሽን ቀድመሽ ነው የዘረጋሽልኝ። መታወቂያ ስልሽ እጅሽን ኪስሽ ከተትሽ፤ እዚያው አቆየሽው፤ ከዚያ ባዶውን አወጣሽው። እኔም «በተማሪ ትኬት ያለ መታወቂያ አይገባም» አልኩሽ። ሳትለምኚኝ ደረጃውን ወረድሽ። ብትለምኚኝ ይሻለኝ ነበር። የለመነኝን ሰው እረሳዋለሁ፤ ዝም ብሎ የሄደ ግን አብሮኝ ቤት ይገባል።

ከአንቺ በፊት ያለ መታወቂያ ስለገባችው ልጅ ጠይቀሻል። ያንን ለሌላ ቀን አቆይልኝና ስለ ሙዚቃው ልንገርሽ።

ከእረፍት በኋላ የተጫወቱት ረጅሙን ነው። ስሙን እንዳትጠይቂኝ፤ እኔ ሲምፎኒ የተማርኩት በተዘጋ በር በኩል ነው። ቫዮሊኖቹ በእንጨቱ ውስጥ ሲያልፉ ይቀጥናሉ፤ ኮንትራባሶቹ ግን በወለሉ ነው የሚመጡት፤ በጫማዬ ሶል አውቃቸዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ማታ ስገባ «ዛሬ ምን ተጫወቱ?» ትለኝ ነበር። «እግር የሚያሞቅ ነበር» ስላት ይገባታል። አሁን የሚጠይቀኝ የለም፤ ስለዚህ ጥያቄሽ፣ ከነቁጣውም ቢሆን፣ ደስ አሰኝቶኛል።

በኮንትራባሶቹ ጫፍ የሚቆመውን ሽማግሌ ጠየቅሽኝ። እኛ «አባ ዝም» እንለዋለን። ከሰው የሚረዝም መሣሪያ ይዞ በቀን አንድ ቃል የሚናገር ሰው ነው። አዎ፣ ያ ምሽት የመጨረሻው ነበር፤ ጡረታ ወጥቷል። መጨረሻ ላይ በሩን ስከፍት አበባ ሲሰጡት አየሁ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብለት እጅ አልነሣም፤ አንገቱን አቅንቶ ወደ ላይኛው ሰገነት፣ ወደ ተማሪዎቹ ወንበር ሲያይ ቆየ። መብራቱ ዓይኑን ያስቸገረው መሰለኝ።

ለምን ስለ እሱ እንደጠየቅሽ አልገባኝም። ዘመድሽ ይሆን?

ይቅርታ እንድታደርጊልኝ እለምንሻለሁ። «ደንብ ነው» ብዬ ልጨርሰው ነበር፤ ግን ጽፌ ሳየው የሌላ ሰው ቃል መሰለኝ፤ ሰረዝኩት።

የላይኛው በር ትኬት ተቆጣጣሪ


ታኅሣሥ 2

ለላይኛው በር ሰው፣

«ልጄ» ማለትዎ አልከፋኝም፤ ፈቃድ ግን አልሰጠሁም። ፖስታ ወደዚህ ጤና ጣቢያ የሚመጣው መኪናው ሲያሻው ስለሆነ ለመዘግየቴ ይቅርታ። ኮሌጁ ለመጨረሻ ዓመት የተግባር ልምምድ ልኮኝ ነው፤ ከዚያ ምሽት በኋላ ወዲያው ሻንጣዬን ይዤ መጣሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በማይክሮስኮፕ የሰው ደም አያለሁ። የምሠራበት ክፍል መስኮት ከብረት አልጋዎች ክምር ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ንፋስ ሲኖር አልጋዎቹ ይዘምራሉ። ለሙዚቃ ያለኝ ይኸው ነው።

መታወቂያዬን ያን ቀን ረስቼው ነው። ሰውየው ዘመዴ አይደለም። የማውቀው ሰው ያውቀው ነበር፤ በቃ። ጤናው እንዴት ነው? ጡረታ ከወጣ ወዲህ የት ይውላል? ሰው አለው? እንዲህ ብላ የጠየቀች አለች ብለው ግን እንዳይነግሩት። ቃል ይግቡልኝ።

የዚያችን ልጅ ነገር አልረሳሁም። ይህን ያህል ጽፈው አንዷን ጥያቄ መዝለልዎ ያስተዛዝባል። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ብውልም ሌላው ያያል።

የመለሷት


ታኅሣሥ 20

ለተቆጣችው ልጄ፣

ጤናሽን፣ ሥራሽን፣ የሚዘምሩትን አልጋዎችሽን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። አልነግረውም፤ ቃሌ ነው። አሁን የዘለልኩትን ልጻፍ፤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሻይ አፍልቻለሁ።

ያቺ ልጅ ተማሪ አይደለችም። የሟች ባለቤቴ የእህቷ ልጅ ናት፤ ልብስ ስፌት ቤት ነው የምትሠራው። የተማሪ ትኬት በመስኮቱ ማንም ይገዛል፤ መታወቂያ የሚታየው እኔ በሩ ላይ ነው፤ እሷም ታውቃለች። «አጎቴ፣ ዛሬን ብቻ» አለችኝና ሳቀች። ሳቋ የባለቤቴ ነው፤ ቁርጥ። እጄ ትኬቱን ቀድዶ ከጨረሰ በኋላ ነው ልቤ የተናገረው። «ለራስህ ሰው አደላህ» አለኝ። ቀና ስል ከፊቴ የቆምሽው አንቺ ነበርሽ።

ልጄ፣ ሌላ ቀን ቢሆን የረሰረሰ ሹራብሽን አይቼ አሳልፍሽ ነበር። ብዙ ተማሪ አሳልፌ አውቃለሁ። ያን ምሽት ግን በእሷ ያላላሁትን ባንቺ አጠበቅኩት። ደንቡን ያከበርኩ መስሎኝ ወንበሬ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ንስሐው የእኔ፣ ቅጣቱ ያንቺ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለጸሎት ስቆም ቃሉ አፌ ላይ ይደርሳል፤ «ማረኝ» ልል ስል አረንጓዴው ሹራብ ይመጣና ደረጃውን ይወርዳል።

አባ ዝም ብቻውን ነው። ከምሳ በኋላ ይመጣል። አዳራሹን መልቀቅ አልቻለም፤ የወንበር እግር ያጠብቃል፣ የኖታ ማስቀመጫ ያቃናል፣ ከዚያ እኔ ጋ ደረጃው ራስ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ባለፈው ረቡዕ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ የዓመቱን ቃል በአንድ ቀን ተናገረ።

የተማሪ ቅናሽ የሚባለውን ነገር ወደዚህ ቤት ያመጣው እሱ ነው። ያ ዝምተኛ ሰው በየስብሰባው እየተነሣ «ባዶ ወንበር አያጨበጭብም፤ ለተማሪ በሩብ ዋጋ ስጡት» እያለ ሁለት ዓመት ነዘነዛቸው። ከተፈቀደም በኋላ በየእረፍቱ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ «ተማሪ መጣ?» ይለኛል። «ሞልቷል» ስለው «ሴቶችስ?» ይላል። እኔ ጅሉ፣ «ወይ አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ?» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ረቡዕ ዕለት ምክንያቱን ነገረኝ። ልጅ አለችው። አፍ ሳትፈታ ትቷት ሄደ፤ ለምን እንደሄደ ሲናገር ራሱን ጥሩ አላደረገም። ኮሌጅ መግባቷን ከሰው ሰምቷል። ደብዳቤ ይልካል፤ ሳይከፈት ይመለስለታል። «በሙሉ ዋጋ ለእኔ ብላ አትገዛም። ርካሽ ከሆነ ግን ከጓደኞቿ ጋር ስታልፍ ልትገባ ትችላለች» አለኝ። በመጨረሻው ምሽት ወደ ሰገነቱ ያየው ለዚህ ነው።



አንቺ ዘመዴ አይደለም ብለሻል፤ እኔም ደግሜ አልጠይቅሽም። ነገር ግን ያን ምሽት የመለስኩት ተማሪ አንቺን ብቻ ነው። ይህንን እሱ አያውቅም። ብርጭቆውን ተቀብዬው አጠብኩለት፤ ሌላ የማደርገው አጣሁ።

የበሩ ሰው


ጥር 6

ለበሩ አባት፣

ተናድጃለሁ። በእርስዎ አይደለም፤ ነገር ግን የምጽፈው ለእርስዎ ስለሆነ ይቻሉት።

መታወቂያው ኪሴ ውስጥ ነበር። በጣቶቼ ይዤው ነበር። ኪሴ ውስጥ የቆየችው እጅ ካርድ እየፈለገች አልነበረም፤ ልስጥ አልስጥ እያለች ነበር። ባወጣው ከስሜ ቀጥሎ ያለውን ስም ያነባሉ። ያ ስም በግድግዳችሁ ላይ በየማስታወቂያው ስር ተጽፏል። «የእሱ ልጅ!» ብለው በእረፍት ወርደው ይነግሩታል። እኔ የፈለግሁት ሳያየኝ ላየው ነው። እሱ ሳያየኝ ስንት ዘመን ኖሯል፤ አንድ ምሽት ተራው የእኔ ቢሆን ምን ነበረበት?

ስለዚህ የመለሱኝ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ለምን እንደ ጻፍኩልዎት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ያን ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ጥፋተኛ ፈለግሁ፤ ፊትዎን አስታወስኩ፤ በእርስዎ ላይ አሳረፍኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጸሎትዎ መካከል ስመላለስ መታወቂያዬ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

እናቴ ስለ እሱ ክፉ ተናግራኝ አታውቅም። ደግም አልተናገረችም። ደብዳቤዎቹን ትመልስ የነበረችው እሷ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝና «ከእንግዲህ ያንቺ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምመልሰው እኔ ነኝ። አንዱንም አልከፈትኩም። እርስዎ አንድ ምሽት በር ዘጉ፤ እኔ በየወሩ እዘጋለሁ።

ውስጣቸው ምን ነበር? እንዳይጠይቁት። ነግሮዎት ከሆነ ብቻ።

«አባቴ» የሚለውን ቃል በዚህ ደብዳቤ አንድም ቦታ እንዳልጻፍኩ ልብ ይበሉልኝ።

አረንጓዴዋ


ጥር 28

ለልጄ፣ አሁን ፈቃድ ያገኘሁ ስለመሰለኝ ያለ ፍርሃት «ልጄ» እላለሁ፣

«የበሩ አባት» ያልሽኝን ቦታ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ በነጻ ያገኘሁትን ስም በነጻ እንዳልወሰድኩት እንድታውቂ ነው። ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ የእኔ ግን የእኔ ነው፣ አንቺ ልትሸከሚልኝ አትችዪም።

አንድ የዘለልኩት ነገር ደግሞ አለ፤ መዝለል ልማዴ መሆኑን አውቀሻል። ጤናውን ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። ጡረታ የወጣው ዕድሜው ደርሶ አይደለም። ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለአንድ ዓመት ደብቆት ተጫወተ፤ ኮንትራባስ ክሩ ወፍራም ስለሆነ መንቀጥቀጡን ይውጥለት ነበር። ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ሐኪሙ አይገድልህም፣ አይለቅህምም ብሎታል። ይህን አስቀድሜ ብነግርሽ በአዘኔታ የጎተትኩሽ እንዳይመስልሽ ፈራሁ። ባልነግርሽም ደግሞ ደበቅኩሽ። የቱ እንደሚሻል እስካሁን አላወቅኩም።

ስለ ደብዳቤዎቹ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ይቅርታ የሚል ቃል የለባቸውም። «ስጽፈው ውሸት ይመስለኛል» አለ። «ትቻት ሄጄ ይቅርታ ማለት ሌባ አመሰግናለሁ እንደሚለው ነው። የዚያን ወር ምን እንደምንጫወት ብቻ እጽፍላታለሁ። ከሥሩ፣ የተማሪዎች መግቢያ በላይኛው በር ነው እላታለሁ።»

ልጄ፣ በላይኛው በር የቆምኩት እኔ ነኝ። በየወሩ አድራሻዬን ሲልክልሽ ኖሯል፤ ስትመጪ ደግሞ በሩን ዘግቼ ጠበቅኩሽ።

ትናንት አንድ ነገር ጠየቀኝ። «በመጨረሻው ምሽት ሳይገባ የተመለሰ ተማሪ ነበር?» አለኝ። ላንቺ ቃል ገብቻለሁ። ስለዚህ «ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ነበር» አልኩት። እውነት ነው፤ ሞልተው ነበር። አንዱ ላይ የእህታችን ልጅ ተቀምጣ ነበር። እሱ አመሰገነኝ። እውነት ተናግሬ እንዲህ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ታረቂ ብዬ አልመክርሽም። መልሼሽ ሳበቃ ነይ ነይ የምልበት አፍ የለኝም። የማውቀውን ብቻ ልንገርሽ፦ በመጋቢት መጨረሻ የዘንድሮው የሙዚቃ ወቅት የመጨረሻ ኮንሰርት አለ። መድረክ ላይ አታዪውም፤ በቤቱ ውስጥ ግን አይጠፋም። መታወቂያሽ እስከዚያ ይሠራል?

የበሩ አባት


መጋቢት 8

ለበሩ አባት፣

እመጣለሁ።

ልምምዱ ያልቃል፤ መታወቂያዬ የሚሠራው እስከዚያ ወር ማብቂያ ነው። ከዚያ ወዲያ ተማሪ አይደለሁም፤ ርካሽ ሰበብም አይኖረኝም። የእሱ የመጨረሻ ደብዳቤ እናቴ ልካልኝ ባለፈው ሳምንት መጣ። አልመለስኩትም። አልከፈትኩትምም። ማይክሮስኮፑ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ተንቀጥቅጧል። ከእርስዎ ደብዳቤ በፊት ቢሆን ኖሮ ሰክሮ የጻፈው ነበር የሚመስለኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። «ካፖርት ልበሺ፤ የዚያ ሰፈር አዳራሽ ይበርዳል» አለችኝ። አዳራሹን እንደምታውቀው አላውቅም ነበር። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፤ ለእሷ ግን ይህ ንግግር ነው።

እንዳይነግሩት። አበባ የያዘ ሰው አልፈልግም። ሐሳቤን ለውጬ ልመለስ ብል ማንም እንዳይከተለኝ። ካየሁት በኋላ የምለውን አላውቅም፤ ምናልባት ምንም አልል ይሆናል፤ አባቷን የመሰለች ይሉኝ ነበር በልጅነቴ ዝም ስል።

በሩ ላይ እርስዎ ይኖራሉ አይደል? እጄ ኪሴ ውስጥ ከቆየች አይቸኩሉ።

አረንጓዴዋ


መጋቢት 17

ለልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ከመነሣትሽ በፊት እንዲደርስሽ ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር በእጁ ሰጥቼዋለሁ። መጀመሪያ እውነቱን፣ ሰላምታው ይቆይ። በሩ ላይ እኔ አልኖርም።

ተቀመጪና አንብቢ። አልነገርኩትም፤ በባለቤቴ ነፍስ። የሆነው እንዲህ ነው። እሱ ሥራ ፈትቶ መዋሉ ሊገድለው ነው፤ አስተዳደሩን «ማንኛውንም ነገር ስጡኝ» ሲል ከረመ። ጉልበቴም ደረጃውን ጠልቷል። ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰሞን ኃላፊው ጠርቶኝ በመጋቢቱ ኮንሰርት ምሽት በሩን እሱ ይያዝልህ ወይ አለኝ። ሌላ ቀን ይሁን ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ያንን ነው የማልደብቅሽ፤ ዝም ብዬ «ይሁን» አልኩ። በደል ከሆነ ይኸው ሳይረፍድ ነገርኩሽ፤ ፈቃድሽን ሳልጠይቅ በሕይወትሽ በር ላይ ሰው ማቆም ደግሞ የእኔ ሥራ አልነበረም። ሌሊቱን ይህንን ይዤ ስገላበጥ አደርኩ፤ ጸሎቴም «ልክ ነህ» አላለኝም።

ስለዚህ ሁለት በር አበጅቼልሻለሁ። ትኬትሽ በታችኛውም ያስገባል። እዚያ የሚቆመው ባልደረባችን ነው፤ «ረጅሙ» እንለዋለን፤ ከሩቅ ታዪዋለሽ። አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ልጅ ብትመጣ መታወቂያ ሳትጠይቅ አስገባት ብዬዋለሁ። «ፍቅረኛህ ናት እንዴ?» አለኝ፤ ዘንድሮ መሳቂያ ሆኛለሁ። በዚያ ከገባሽ ጎን ላይ ካለው ወንበር ሆነሽ የላይኛውን በር ታዪዋለሽ። እሱን ታዪዋለሽ፤ እሱ አያይሽም። ያን ምሽት የፈለግሽው ይህ ነበርና ዕዳዬ ነው። እዚያው ተቀምጠሽ ብትሄጂ ማንም አይከተልሽም።

የእህታችንን ልጅም ነገርኳት፤ ሁሉንም። አለቀሰች፤ ከዚያ ሄዳ በሙሉ ዋጋ ሁለት ትኬት ገዛች፤ አንዱን ለእኔ። በዚህ ቤት ስኖር ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሙዚቃው ያለ በር ምን እንደሚመስል እንጃ፤ ፈርቻለሁ።

የላይኛውን ደረጃ ከመረጥሽ ግን ማወቅ ያለብሽ አለ። ሰሞኑን ሥራውን አሳይቼዋለሁ፤ ትኬት እንዴት እንደሚቀደድ፣ የዘገየ ሰው በየትኛው ጸጥታ እንደሚገባ። ደንቡንም ነገርኩት፦ በተማሪ ትኬት ያለ መታወቂያ አይገባም።

«የራሴ ሰው ቢሆንስ?» አለኝ፤ ቀልዱን ነበር።

«በተለይ የራስህ ሰው ከሆነ» አልኩት።

እንግዲህ ይጠይቅሻል። እጅሽ ኪስሽ ውስጥ የፈለገችውን ያህል ትቆይ፤ እሱም አይቸኩልም። ከስምሽ ቀጥሎ ያለውን በአውራ ጣትሽ ሸፍነሽ መታወቂያውን ስታሳዪው እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ሁልጊዜም ነው፣ አውቆሽ እንዳይመስልሽ። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ እስኪያወጣው፣ እስኪሰካው ታገሺው፤ ከኋላሽ ያሉት ቢያጉረመርሙ ያጉረምርሙ። መጀመሪያ ያንቺን ስም ያነባል። እንደማንኛውም ተማሪ ስም ያነበዋል።

ያኔ አውራ ጣትሽን ከቀጣዩ ስም ላይ አንሺለት።

የበሩ አባትሽ